የመገናኛው ወታደር ጣት

የአመድ ረቡዕ

ዘንድሮ የጾሙ መግቢያ ከእኛ ከቻይናውያን አዲስ ዓመት ዋዜማ ጋር ገጠመ። ከቤተሰብ ጋር ማዕድ መቁረስ ይቻላል ተብሎ ፈቃድ ተሰጥቷል። ግንባሬ ላይ አመድ፣ ፊት ለፊቴ ዳክዬ። ሁለት ቁራጭ ብቻ በላሁ። ሦስተኛውን ሳህኔ ላይ ያስቀመጠችው ልጄ ሆይ-ላም ናት፤ እርጉዝ ሴት የሰጠችውን መመለስ ነውር ነው።

ለጾሙ የተሳልኩት ይህ ነው፦ እስከ ትንሣኤ አንድም ወታደር አልገዛም። ሞንግ ኮክ የሚገኘው ሱቅ ፎቅ ላይም አልወጣም። ጌታ ምስክሬ ነው።

ዳክዬው ሳያልቅ ነገሩ መጣ።

"አባ፣ ስማኝማ። ሕፃኑ የት ነው የሚተኛው?"

"እናንተ ጋ።"

"የእኛ ክፍል አልጋውንና እኛን ብቻ ነው የሚይዘው። እኔ ራሴ በቅርቡ አልገባበትም።"

"ሳሎን ይተኛ።"

"ሳሎን አንተ ቴሌቪዥን ታያለህ።"

"ድምፁን እቀንሳለሁ።"

"አባ። ቡፌው ይውጣ።"

ባሏ ካ-ኪት ሩዙን ማየት ጀመረ። ደህና ልጅ ነው፤ ሲጨንቀው ሩዝ ያያል።

ቡፌው ክፍሌ ውስጥ ያለው ባለመስታወት ቡፌ ነው። ወታደሮቼ እዚያ ናቸው። እያንዳንዳቸው አንድ ማስመሪያ ያህላሉ። የጫማ ማሰሪያቸው ይፈታል፣ የኮዳቸው ክዳን ይከፈታል፣ አንዱ ሳይላጭ የሰነበተ ጺም አለው። ሆይ-ላም "አሻንጉሊቶቹ" ትላቸዋለች። ዕድሜ ልኬን ትራም ነድቼ፣ ጠመንጃ በእጄ ሳልነካ፣ የስንት አገር ጦር ቀበቶ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚታሰር የማውቅ ሰው መሆኔ ለእሷ ምንም አይደለም።

"ሽጣቸው፣ ወይ ስጣቸው" አለች። "እስክወልድ ጊዜ አለህ።"

አስብበታለሁ አልኳት። ማሰቡን ጀምሬያለሁ። እስካሁን የመጣልኝ ነገር የለም።

የጾሙ የመጀመሪያ እሑድ

ከቅዳሴ ስመለስ የካ-ኪት እናት፣ ወይዘሮ ንጋይ፣ ሳሎን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከቼውንግ ቻው ደሴት በጀልባ መጥተው ነው። ሆይ-ላም እስክትወልድ ይቆያሉ። ማንም አልነገረኝም፤ ወይም ሲነግሩኝ ስለ ቡፌው እያሰብኩ ነበር። ደረቅ ዓሣ በከረጢት፣ ቀይ የቀን መጽሐፍ በብብታቸው።

ክፍሌን ከነአልጋው ለቀቅኩላቸው። እኔ ሶፋው ላይ ነኝ። ሶፋው ከእኔ ያጥራል።

ሻይ ሳይጠጡ ቤቱን ዞሩት። ግድግዳው ላይ አንድ ምስማር አዩ።

"ይህ መቼ ተመታ?"

"እንግሊዞች ሲገዙን።"

"ደህና። አይቆጠርም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። እርጉዝ ባለችበት ቤት የፅንሱ መንፈስ አብሮ ይኖራል ይላሉ። አንድ ቀን ምድጃው ጋ፣ አንድ ቀን በሩ ጋ፣ አንድ ቀን አልጋው ሥር። የት እንደዋለ መጽሐፉ ይናገራል። እሱን እንዳይነኩ ምስማር አይመታም፣ አይበሳም፣ መቀስና መርፌ አይያዝም፣ ኮላ አይነካም፣ ዕቃ ከቦታው አይነቃነቅም። ከተነካ ልጁ ላይ ይወጣል።

ሆይ-ላም ጥሩ አጋጣሚ መስሏት "ቡፌው ግን መውጣት አለበት፣ እማማ" አለች።

"ቡፌ?" አሉ ወይዘሮ ንጋይ፣ መጽሐፉን በእጃቸው መታ መታ አድርገው። "ልጅሽን ከወደድሽ፣ እስክትወልጂ ማንም በጣቱ አይገፋውም።"

ሆይ-ላም ወደ እኔ ዞረች። "አባ፣ አንተ ክርስቲያን ነህ። በዚህ ነገር ታምናለህ?"

አሳለኝ። እውነት ለመናገር የደረቀው ዓሣ ሽታ ነው። ወሬው ወደ ሌላ ነገር እስኪያልፍ ድረስ ግን ሳልኩ።

ማታ መቁጠሪያዬን ስይዝ አፈርኩ። አላምንም ማለት ሁለት ቃል ነው። እነዚያን ሁለት ቃላት ለማን ብዬ ነው የቆጠብኳቸው? ለነፍሴ ሳይሆን ለቡፌ። አንሰልም ተብዬ የተጠመቅሁ ሰው፣ በማላምንበት መንፈስ ጥላ ሥር ዕቃዬን ሸሸግሁ።

ወታደሮቹ ግን ተረፉ።

ማክሰኞ

የራሴን በር አንኳኳለሁ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ምን ፈልገው ነው?"

"ካልሲ።"

ከሰዓት በኋላ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሳንኳኳ፦ "አቶ ፖንግ፣ ስንት እግር ነው ያለዎት?"

ዓርብ

ሥጋ የለም። ወይዘሮ ንጋይ ገበያ ወጡ። ገባሁ።

ሁሉም ደህና ናቸው። የመገናኛው ወታደር ብቻ ወደ መስኮቱ ዞሯል።

መገናኛው ካለኝ ሁሉ ልቤ ያለበት ነው። ሬዲዮ በጀርባው አዝሏል፣ መነጋገሪያውን በቀኝ እጁ ይዞ ጆሮው ጋ አድርጎታል። ከፋብሪካ የለበሰው ካፖርት ለበረዶ አገር ወታደር የማይሆን ስስ ነበር። ባለቤቴ ሳው-ፋን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ የሠራ እጅ ነበራት፤ የአሮጌ የትራም ዩኒፎርሜን ገበር ቀድዳ ሌላ ሰፋችለት። ቁልፎቹ የሰሊጥ ፍሬ ያክላሉ። "አንተ በርዶህ እንደዚህ አልተጨነቅህም" ብላኝ ነበር።

ወደ ፊት መለስኩት። ወታደር ወደ ፊት ነው የሚያየው።

የጾሙ ሁለተኛ ሰኞ

መገናኛው እንደገና ወደ መስኮቱ። መለስኩት።

ረቡዕ

ወደ መስኮቱ። መለስኩት። በተጨማሪ አንድ እግረኛ ወታደር አንገት ላይ ግራጫ የሱፍ ክር ተጠምጥሟል። እንዲህ ያለ ክር በየትኛውም ጦር ውስጥ አልተሰጠም።

ካ-ኪት ነው። አሻንጉሊት ጨዋታ ሲያምረው ቆይቶ ይሆናል። በእራት ላይ ትክ ብዬ አየሁት። ሩዝ ትን አለው። ጥፋተኛ ሰው ነው ትን የሚለው።

ቅዳሜ

በምሳ ሰዓት ወይዘሮ ንጋይ ክፍሉ ውስጥ ስልክ ሲያወሩ ሰማሁ። ስለ ዓሣ ዋጋ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ካ-ኪት ከስቷል፣ ምራታቸው ትሠራለች እንጂ አትቀመጥም። ብዙ ቆዩ። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ታጋሽ መሆን አለበት፤ አንድም ጊዜ አላቋረጣቸውም። ሳልፍ ስልካቸው የምግብ ጠረጴዛው ላይ ቻርጅ ላይ ስለነበር፣ ሽቦውን እንዳልረግጥ ዞሬ ነው ያለፍኩት።

የጾሙ ሦስተኛ ማክሰኞ



ገና ሳይነጋ፣ ወይዘሮ ንጋይ ገበያ እንደወጡ ገባሁ። መስኮት። በንዴት ይዤ ሳዞረው ቀጭ የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። የቀኝ እጁ ጠቋሚ ጣት፣ መነጋገሪያውን የሚይዝበት፣ ምንጣፉ ላይ ወደቀ።

በጉልበቴ ተንበርክኬ ፈለግሁት። ወንጌል ላይ ያለችው ሴት የጠፋባትን ስትፈልግ ቢያንስ መብራት አብርታለች። እኔ መብራት ባበራ ሆይ-ላም ትነቃለች።

አገኘሁት። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቆልፌ፣ በኮላ መለስኩት። አንዲት ጠብታ። ትንፋሼን ይዤ። ጥሩ ሆነ፤ ካልተነገረ አይታወቅም።

ስወጣ ወይዘሮ ንጋይ በሩ ላይ ናቸው።

"ምንድን ነው የሚሸተው?"

"የጥርስ መድኃኒት።"

"ጥርስዎን ያመዎታል?"

"ትንሽ።"

"እኔ ደግሞ ኮላ መስሎኝ" አሉ፣ ሽንኩርቱን እየዘረገፉ። "ደሴቷ ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ሚስቱ እርጉዝ ሆና ጀልባውን በኮላ ጠገነ። ልጁ ጣቶቹ ተጣብቀው ተወለደ። እንደ ዳክዬ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ጥሩ ዋናተኛ ሆነ። ግን አባቱ ዕድሜ ልኩን አላረፈም።"

በጾም ዋሸሁ። ጥርሴ አሁን እውነትም አመመኝ።

ዓርብ

በዚህ አላምንም። ለራሴ እንዲታወቅ ነው የምጽፈው። ሰማይና ምድርን በፈጠረ አንድ አምላክ አምናለሁ። ኮላ ኮላ ነው።

የጾሙ አራተኛ ረቡዕ

ሆይ-ላም ከሐኪም ተመለሰች። ልጁ ደህና ነው። ልቡ ደህና፣ ክብደቱ ደህና።

"ቀኝ እጁን ግን ጨብጦ አልከፍት አለ" አለች እየሳቀች። "ሐኪሟ ሆዴን ስትነቀንቀው፣ እኔ ቀዝቃዛ ውኃ ስጠጣ፣ ምንም። ጣቶቹን ማየት አልተቻለም።"

"ቀኝ?" አልኩ።

"ቀኝ።"

"ቀኝ ያንቺ ነው ወይስ የእሱ?"

"አባ፣ ምን ሆነሃል?"

ወይዘሮ ንጋይ የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። ፊታቸው ነጭ ሆኖ ነበር። ስለ እኔ ያወቁ መሰለኝ። ግን ተነሥተው ወደ ክፍሉ ገብተው በሩን ዘጉ።

ሐሙስ

አሰብኩ። ኮላው ከሆነ ያጣበቀው፣ ጣቱን ብነቅለው የልጁ እጅ ይፈታል። ግን መንቀል ደግሞ መቁረጥ ነው። ብነቅለው መቁረጥ፣ ብተወው ማጣበቅ። ሙሉ እጁን በሌላ እጅ መቀየር ይቻላል፤ መለዋወጫ እጅ ሱቁ ውስጥ አለ። ግን እጅ መንቀል? ስለዚህ ማሰብ ራሱ አሳመመኝ። ደግሞም ሱቅ ላለመሄድ ተስያለሁ።

አባ ሊኖ ጋ ሄድኩ። ከልጅነታችን ጀምሮ ይህን ሰፈር የሚያውቁ ቄስ ናቸው፤ ጆሯቸው አንድ ብቻ ይሰማል፣ በዚያኛው በኩል ነው የምንበረከከው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳሉን፣ ካልሲውን፣ ኮላውን፣ ጥርሱን።

"አንሰልም፣ በእግዚአብሔር ታምናለህ?"

"አምናለሁ፣ አባ።"

"ታዲያ በኮላ ለምን ታምናለህ?"

"ኮላው ጠንካራ ነው፣ አባ።"

ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ በመጋረጃው በኩል አየሁ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

"ንስሐህ ይህ ነው" አሉ ቆይተው። "ሴትዮዋን ስለ ጥርሱ እውነቱን ንገራቸው።"

ሌላ ንስሐ እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ብዙ መንበርከክ እችላለሁ አልኩ። አይሆንም።

ቅዳሜ

አልነገርኳቸውም። ከማለዳ ጀምሮ የዓሣ ሾርባ ሲያበስሉ ነበር። ሾርባ የሚያበስል ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይጫንም።

የጾሙ አምስተኛ ሰኞ

ከሱቁ ተደወለ። ባለቤቱን ሁላችንም "ዝሆኑ" ነው የምንለው፣ ራሱም ስልክ ሲያነሣ እንደዚያ ይላል።

"አጎቴ ፖንግ፣ በቅሎዎ ደርሷል።"

ዓምና ያዘዝኩት ነው። የተራራ መድፍ ተሸካሚ በቅሎ። ከነኮርቻው፣ ከነገመዱ፣ ጋማው አንድ በአንድ የተተከለ።

"ትንሣኤ ሲያልፍ ልውሰደው።"

"አጎቴ፣ ሱቄ እኮ ከሊፍት ያንሳል። በቅሎ ይዞ መቀመጥ አልችልም። ደንበኛው ሁሉ ጆሮውን እየነካ ነው።"

ጆሮው።

ሄድኩ። የተሳልኩት ፎቁ ላይ ላልወጣ፣ ወታደር ላልገዛ ነው። ፎቁ ላይ አልወጣሁም፤ መንገዱ ላይ ቆምኩ፣ በቅሎው ወረደ። በቅሎ ደግሞ ወታደር አይደለም። ይህን ስጽፈው ያን ያህል አሳማኝ አይመስልም።

ሳጥኑ ሶፋው ሥር ነው።

ማክሰኞ

"አቶ ፖንግ፣ ሶፋው ሥር በቅሎ አለ።"

"አዎ።"

"መቼ ገባ?"

"ትናንት።"

መነጽራቸውን አድርገው ቀዩን መጽሐፍ ገለጡ። "ትናንት መንፈሱ ወፍጮው ጋ ነበር። ወፍጮ የለንም። ደህና ነው።"

አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አቆሙት። በጣታቸው ጫፍ ጋማውን ወደ አንድ ጎን አበጠሩት።

"ጥርስ አለው እኮ" አሉ። "እንደ እርስዎ ያመዋል?"

ጊዜው ያ ነበር። አፌን ከፈትኩ። "የገብስ ከረጢትም አብሮት አለ" አልኩ። ፈሪ ነኝ።

በኋላ ሻይ አፍልተው ሳይሆን ትኩስ ውኃ ቀድተው አጠገቤ ተቀመጡ። ደሴተኞች ሆዳቸው ሲከፋ ትኩስ ውኃ ነው የሚጠጡት። ስለ መገናኛው ካፖርት ጠየቁኝ። "ስፌቱ የፋብሪካ አይደለም።"

"የባለቤቴ ነው።"

"እጇ ጥሩ ነበር። እጅጌው ተተርትሯል። ልጁ እስኪወለድ ግን መርፌ አይያዝም።" ከዚያ ውኃውን እያዩ፦ "ባለቤቴም ሬዲዮ ነበር የሚይዘው። ጀልባው ላይ። ማታ ማታ 'ሩዙን ጣጂው፣ እየመጣሁ ነው' ይለኝ ነበር። አንድ ማታ ግን ጀልባውም እሱም ጠፍተው ቀሩ።"

የካ-ኪት አባት መሞቱን አውቅ ነበር። አለመገኘቱን ግን አላውቅም ነበር። በቅሎውን ይዤ ቆየሁ።

ረቡዕ

ካልሲ ልወስድ ገባሁ። የምሬን ነው፣ ካልሲ። መገናኛው ወደ መስኮቱ ዞሯል። በዚያ መስኮት፣ በሁለት ሕንፃ መካከል፣ የጣት ስፋት ያህል ባሕር ይታያል። እዚህ ቤት ስኖር ስንት ዘመኔ፣ ልብ ብዬው አላውቅም።

አልመለስኩትም። ጣቱን ዳግም እንዳልሰብረው ብዬ ነው።

ሆሳዕና

ዘንባባ ይዤ ተመለስኩ። ወይዘሮ ንጋይ ከዘንባባው ትንሽ ቀንጥሰው ለበቅሎው አፍ ላይ አደረጉለት። "በዓል ነው መሰለኝ" አሉ። ምን በዓል እንደሆነ ነገርኳቸው። ከጌታ በታች የነበረችው አህያ እንጂ በቅሎ አይደለችም አልኩ።

"የበቅሎው እናት አህያ አይደለችም?"

"አባቱ ነው አህያ። እናቱ ፈረስ ናት።"

"በቃ ዘመድ ነው፤ ይብላ።"

ሆይ-ላም በሩ ላይ ቆማ ታየን ነበር። "እናንተ ሁለታችሁ ምንድን ነው የምትሠሩት?" አለች። ምንም እየሠራን አልነበረም።

ጸጉሬን አስተካክያለሁ። ለትንሣኤው ነው።

የጸሎተ ሐሙስ

እግር ታጠብኩ፤ ዘንድሮ ከተመረጡት አንዱ እኔ ነበርኩ። አባ ሊኖ ጎንበስ ብለው ቀኝ እግሬን እያደረቁ "ነገርካቸው?" አሉኝ።

"አባ፣ ሰው እያየን ነው።"

"ሁለተኛውን እግር ከማጠቤ በፊት ነው የምጠይቅህ።"

እነግራለሁ አልኩ። አጠቡልኝ።

ቅዳም ሹር

ሆስፒታል። ምጡ የጀመራት ከሰዓት ነው። ካ-ኪት አብሯት ገብቷል፤ የሚያየው ሩዝ ስለሌለ ጫማውን እያየ ነው የገባው። የትንሣኤው ሌሊት ቅዳሴ አመለጠኝ። ይህችን የምጽፈው በሕክምና ማስታወቂያ ወረቀት ጀርባ ነው፣ በኋላ እለጥፋታለሁ። በኮላ አይደለም።

*እሑድ የተጻፈ።* ከላይ ያለውን ወረቀት በመርፌ ቁልፍ አያይዣለሁ። የሆነውን እንደሆነ ልጻፍ።

ላስቲክ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ነበርን። ወይዘሮ ንጋይ ቀዩን መጽሐፍ ደረታቸው ላይ አቅፈዋል፤ እኔ መቁጠሪያዬን። አንዳችን ለአንዳችን ሳንተያይ ከንፈራችንን እናንቀሳቅሳለን። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለታችንም እንነሣለን፤ ሌላ ሰው ነው፤ እንቀመጣለን።

"ወይዘሮ ንጋይ" አልኩ። "ጥርሴን አላመመኝም ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ኮላ ነበር። የመገናኛውን ጣት ሰብሬው ነው። ቀኝ እጅ፣ ጠቋሚ ጣት። አጣበቅሁት። ልጁ እጁን ጨብጦ የቀረው..." መጨረስ አቃተኝ። የማያምን ሰው ይህን አይልም።

ቀዩን መጽሐፍ ከደረታቸው አውርደው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ሊያነሡ የማይችሉት ነገር እንዳሸከምኳቸው ተሰማኝ።

"እርስዎ አልሰበሩትም" አሉ። "የተሰነጠቀው እኔ ሳዞረው ነው። መጀመሪያ ቀን። ዝም አልኩ።"

"እርስዎ ነዎት የሚያዞሩት?"

"ታዲያ ማን መሰለዎት?"

"ካ-ኪት።"

"ካ-ኪት ልጅ ሆኖም አሻንጉሊት አልነካም፤ ይፈራ ነበር።" በመሐረባቸው አፍንጫቸውን ጠረጉ። "ዕቃ አይነቃነቅ እያልኩ ቤቱን ሁሉ ስቆጣ፣ እኔ ራሴ በየቀኑ ሳነቃንቅ ነበር። አልትራሳውንዱን የነገረችን ዕለት ልቤ ቆመ። እኔ ነኝ ያደረግሁት አልኩ።"

"አይ፣ ኮላው የእኔ ነው።"

"ስንጥቁ የእኔ ነው።"

"ኮላው ይብሳል።"

"ኧረ አቶ ፖንግ፣ በዚህም ልንጣላ ነው?" አሉ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፣ ከእንባው ጋር ተደባልቆ። "አንድ ጣት አብረን የሰበርን ሰዎች ደግሞ አንቱ መባባላችን ምንድን ነው? ስሜ ዩት-ንጎ ነው።"

"አንሰልም" አልኩ። ስሜን ለመጨረሻ ጊዜ ለሴት የተናገርኩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

ነርሷ ስትወጣ አብረን ተነሣን።

"ሴት ናት። እናትየውም ደህና ናት።"

"እጇስ?" አልኩ።

"ቀኝ እጇ" አለች ዩት-ንጎ።

ነርሷ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየች። "አያቶች ብዙ ጊዜ ማንን እንደምትመስል ነው የሚጠይቁኝ" አለች።

ስናያት ቀኝ እጇ እንደተጨበጠ ነበር። ቡጢ። ማንም ሊከፍተው አልደፈረም። ሆይ-ላም ደክማ ተኝታ "ምንድን ነው የምታዩት?" ትላለች። ዩት-ንጎ ትንሿን ጣቷን ወደ ቡጢው አስጠጋችው፣ ባትነካውም። ቡጢው ተከፈተ፣ ጣቷን ያዘ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን በለሆሳስ ቆጠርን። አምስት ላይ እኩል ደረስን። እኔ ለእርግጠኝነት ደግሜ ቆጠርኩ፤ ሁለተኛው ቆጠራ ኃጢአት ሳይሆን አይቀርም።

በመስኮቱ የሩቅ ደወል ይሰማ ነበር።

ትንሣኤ

ዘንድሮ ትንሣኤና የመቃብር መጥረጊያው ቀን አንድ ላይ ዋሉ። ጠዋት አስቀደስኩ፣ ከዚያ ሳው-ፋን ጋ ወጣሁ። ሣሩን ነቀልኩ፣ ድንጋዩን አጠብኩ፣ ብርቱካን አስቀመጥኩ። ስለ ልጅቷ ነገርኳት። ስለ ጣቱም፣ ስለ በቅሎውም። ከዚያ ስለ ዩት-ንጎ ነገርኳት፤ ይኼኛው ከሁሉም የረዘመ ጊዜ ወሰደ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ብርቱካኑን ልጬ ግማሹን ስበላ ሳው-ፋን የምትስቀው ሳቅ ትዝ አለኝ፣ ያ ሁሉን ቀድማኝ ስታውቅ የምትስቀው።

ስመለስ ቤቱ ዝንጅብልና ኮምጣጤ ይሸታል። ለአራሷ የአሳማ እግር እየበሰለ ነው። ለእኔም አንድ ጎድጓዳ ሳህን ቀረበልኝ። "አልወለድኩም" አልኩ። "አንተም አምጠሃል" አለችኝ ዩት-ንጎ።

ከትንሣኤ በኋላ ሐሙስ

ሆይ-ላም ልጅቷን ይዛ ቤት ገባች። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፦

"አባ፣ ይኸው ወለድኩ። አሁን ቡፌው።"

ክፍሉ በር ላይ ነበርን። ዩት-ንጎ መስኮቱ ሥር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ መነጽሯን አድርጋ፣ መገናኛውን ጉልበቷ ላይ አስተኝታ። ቀና ሳትል መለሰች።

"አይነካም።"

"እማማ፣ መንፈሱ ልጁ ሲወለድ ይሄዳል ብለው አልነበር?"

"አንዳንዱ ይሄዳል። አንዳንዱ ይቆያል። ይኼኛው መቶ ቀኗ እስኪሞላ ቡፌው ጋ ነው።"

"መጽሐፉ እንደዚያ ይላል?"

"መጽሐፉ ያሳጥረዋል። እኔ ደሴቷ ላይ ያየሁትን ነው የምነግርሽ። ቢነካ ለልጅቷ እንቅልፍ ጥሩ አይደለም። መቶ ቀኗ ሲሞላ ደግሞ እናያለን።"

"መቶ ቀን ሙሉ እርስዎም እዚሁ ሊቆዩ ነው?"

"ሌላ ማን ይጠብቀዋል?"

ሆይ-ላም ወደ እኔ ዞረች። "አባ። አንተ ክርስቲያን ነህ። እስኪ አንተ ተናገር።"

አሳለኝ።

ሆይ-ላም ሳሌን እስክጨርስ ጠበቀች። ከዚያ የዩት-ንጎን እጅ አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ እጇን አየች። በዚያ እጅ መርፌ ነበር። የተተረተረውን የካፖርት እጅጌ እየሰፋች ነበር፣ ሳው-ፋን በሰፋችበት ቀለም ክር። መንፈስ ባለበት ቤት መርፌ አይያዝም ብላ የነገረችን እሷው ራሷ ናት።

ልጄ ሕፃኗን አቅፋ፣ "የልጅቷን አልጋ ሳሎን አድርጉት፣ አባቴም ቴሌቪዥኑን ዝቅ ያድርግ" ብላ ወጣች። ካ-ኪት የሚያየው አጥቶ ፈገግ አለ።

ሶፋው ከእኔ እንደሚያጥር ዛሬ ትዝ አላለኝም። ስለ ሳሉ ለአባ ሊኖ መናገር አለብኝ። በሚቀጥለው ሳምንት።

ዩት-ንጎ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና መገናኛውን ዘረጋችልኝ። እጅጌው የት ጋ እንደተጠገነ ብፈልግ አጣሁት። የተጣበቀው ጣት መነጋገሪያውን እንደያዘ ነው።

"የት ላቁመው?" አልኳት።

"የት እንደሚቆም ታውቃለህ" አለች።

ወደ መስኮቱ አዙሬ አቆምኩት።